ደካማው የቱ ነው?

ሞተር ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ጭነት ሲነካው ሲያቃስት፣ ድሮ በአራተኛ ማርሽ የሚያልፈውን ሜዳ አሁን በሦስተኛ እየለመነ ሲያልፍ፣ መካኒክ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «የትኛው ነው የደከመው?» የሚል ነው። ጥያቄው በቁልፍና በጨርቅ የሚመለስ የሙያ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ገና ሳይመለስ ብዙ ነገር አምኖ ተቀብሏል። ድካም አድራሻ አለው ብሎ ያምናል፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች የአንዱን ደጃፍ ብናንኳኳ እዚያ ተቀምጦ እናገኘዋለን ብሎ። የቀሩት ሦስቱ ደህና መሆናቸውንም በዝምታ ይቀበላል፤ ደካማ ለመባል አጠገቡ ብርቱ የሚባል ያስፈልጋልና። ድካሙ በአራቱም ላይ እኩል ተበትኖ ቢሆንስ? ወይም ከአራቱም ውጭ፣ በሚተነፍሱት አየር ውስጥ ቢሆንስ? ጥያቄው ይህን አያስብም። አንድ ነገር ብቻውን፣ ያለ ጎረቤት፣ ደካማ ሊባል ይችላል ወይ? ወይስ ድካም ሁልጊዜ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ርቀት ነው? ይህ ሐሳብ ዕረፍት የነሳኝ መጻሕፍት መካከል ተቀምጬ ሳይሆን በምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ትራክተር በሚጠገንበት የቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆሜ ነው።

ገዳሪፍ ለዚህ ጥያቄ የተገባ ቦታ ነው። ከተማው የሚኖረው በማሽላና በሰሊጥ ነው፤ ማሽላውና ሰሊጡ ደግሞ የሚኖሩት በሞተር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦራቸው እህል ሲፈልጉ በዚህ ጥቁር መሬት ላይ ትራክተር ካስገቡ ወዲህ፣ ዓይን እስከሚያየው የተዘረጋው እርሻ በበሬ የሚታሰብ መሆኑ ቀረ። መሬቱ ዋልካ ነው። ሲዘንብበት ጎማ ይውጣል፤ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዲስኩ ሲያገላብጠው ደግሞ አቧራ ሆኖ ይነሳል። የሞተር ጠላት ይህ አቧራ ነው። በማጣሪያው በኩል ሾልኮ የገባ ቅንጣት ከዘይት ጋር ተለውሶ የፒስተኑን ፋሻና የሲሊንደሩን ግድግዳ እየሞረደ ይኖራል። ማጣሪያው ራሱ ከተበላሸ አራቱም ይሞረዳሉ። ወደ አንዱ ሲሊንደር ብቻ አየር የሚወስደው ቅርንጫፍ የተሰነጠቀ እንደሆነ ግን ያ አንዱ ለብቻው ያረጃል። አንድ ቀን ተሠርተው፣ አንድ ዘይት ጠጥተው፣ አንድ ናፍጣ በልተው የኖሩ አራት ሲሊንደሮች በዕድሜ ሊለያዩ የሚችሉት እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ ከራሳቸው ሳይሆን ከደጅ በገባባቸው ነገር።

ዳሱ ሥር የቆመው ትራክተር ማሴይ ፈርጉሰን 290 ነበር፤ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ። ባለቤቱ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። መካኒኩ የጎንደር ሰው ነው፤ ከሽማግሌው ጋር በዐረብኛ፣ ከረዳቱ ልጅ ጋር በአማርኛ፣ ከሞተሩ ጋር ደግሞ በዝምታ ይነጋገራል። ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ትቶ፣ ከፖምፓው ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ኖዝል የሚሄደውን ቀጭን የብረት ቱቦ ዳዶ በቁልፍ አላላው። ናፍጣው ወደ ውስጥ መርጨቱን ትቶ በዳዶው ዙሪያ መንጠባጠብ ጀመረ። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ወረደ፤ ተንገዳገደ። አጠበቀው፤ ድምፁ ተመለሰ። ሁለተኛውን አላላ፤ እንደገና መንገዳገድ። ሦስተኛውን አላላ፤ ምንም። ናፍጣው በጣቶቹ መካከል እየወረደ ሞተሩ በዚያው በተዛባ አካሄዱ ቀጠለ። መካኒኩ ቶሎ አላጠበቀውም። በግራ እጁ ጨርቁን እየፈለገ «ያ ሐጅ፣ ይሄ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው» አለ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ግማሹን በዐረብኛ፣ ግማሹን በአማርኛ።

(ይህ ፈተና በአሮጌው ዓይነት ፖምፓ የሚሠራ ነው። በአዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ስለሚያልፍ፣ ሞተሩ እየሠራ ዳዶ ያላላ ሰው ናፍጣ ቆዳውን በስቶ ሊገባበት ይችላል። አዲሱ ዘመን ይህን ጥያቄ በእጅ መጠየቅ ከልክሏል።)

መካኒኩ ያወቀው ምንድን ነው? ሦስተኛውን ሲሊንደር አላየውም፤ አልነካውም፤ አልለካውም። ያወቀው አንድ መጉደል ለውጥ አለማምጣቱን ብቻ ነው። ሚኒሞ ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ ተራቸው አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ግን የሁሉንም አንድ ድምፅ ነው። የጋራው ድምፅ የእያንዳንዱን ድርሻ ውጦታል። ስለዚህ የሠሪውን ሥራ ለማወቅ ሠሪውን ከሥራ ማገድ ግድ ሆነ። ይህ እንግዳ የሆነ የምስክርነት ዓይነት ነው። የብርቱው ብርታት የሚመሰከርለት ራሱ በሌለባት ቅጽበት ነው፤ የደካማውም ድካም የሚገለጠው ሲሠራ ሳይሆን ሥራ ሲከለከል ነው። ከመታገዳቸው በፊት አራቱም እኩል የተከበሩ፣ እኩል የተጠረጠሩ ነበሩ። ታግደው ሲመለሱ ሦስቱ ስም አግኝተዋል፤ አንዱም ስም አግኝቷል፤ ስሙ ግን ክስ ነው። ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። ሦስተኛው ሲሊንደር ዝም ብሎ የማይሰጥ አይደለም። ፒስተኑ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዘንግ ላይ ታስሯልና ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አየር ይስባል፣ አየር ይጨምቃል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሌሎቹ ሦስቱ በሚሰጡት ጉልበት ነው። ከሩቅ ላየው እንደ ሌሎቹ ታታሪ ነው፤ እንቅስቃሴው አንድም አይጎድልም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ይህን መንገድ የልዩነት ዘዴ ብሎ ሥርዓት አስይዞታል። ሁለት ሁኔታዎች በሌላው ሁሉ ተመሳስለው በአንድ ነገር ብቻ ቢለያዩ፣ ውጤቱም በአንደኛው ታይቶ በሌላው ቢጠፋ፣ ያ የተለያዩበት ነገር የውጤቱ ምክንያት ወይም የምክንያቱ ክፍል ነው ይላል። መካኒኩ ሚልን አላነበበም፤ ሚልም ዳዶ አላላላም፤ ሆኖም አንድ ነገር እያደረጉ ናቸው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሚል በጥንቃቄ የጨመረው «ወይም የምክንያቱ ክፍል» የሚለው ነው። አንድ ነገር ሲጎድል ሁሉ ነገር ቢቆም፣ ጉልበቱ ሁሉ የእርሱ ነበር ማለት ነው? ከገዳሪፍ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ድንበር ላይ፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ጦራቸው የመተማን ምሽግ ሰብሮ ለድል ተቃርቦ ነበር፤ ንጉሡ መመታታቸው ሲሰማ ግን ያ ሁሉ ሠራዊት ተፈታ። በዳዶ ማላላት ሕግ ብንፈርድ የጦሩ ጉልበት ሁሉ ንጉሡ ነበሩ ልንል ነው። ነገር ግን ምሽጉን የሰበረው የአንድ ሰው ክንድ አይደለም። በሞተር ቋንቋ ንጉሡ ሲሊንደር ሳይሆኑ ፖምፓ ነበሩ፤ ሥራው የሌሎች ነው፣ ለእያንዳንዱ በተራው የሚደርሰው ግን በእርሳቸው በኩል ነው። የመጉደል ፈተና እነዚህን ሁለቱን አይለይም። ሲጎድል የሚያቆመንን ሁሉ ብርቱ፣ ሲጎድል የማያቆመንን ሁሉ ደካማ ብለን ከጠራን፣ ጉልበትንና መገናኛን አንድ ስም እየሰጠን ነው።

ሌላ የማወቂያ መንገድም አለ፤ ከዚህኛው ይልቅ ልቤን የሚስበው እርሱ ነው። ማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዳደረ፣ ያስነሱታል። ጥቂት ይቆዩና ከቴስታታው፣ ከሲሊንደሮቹ ክዳን፣ የሚወጡት አራቱ የጭስ ቅርንጫፎች ላይ በየተራ በጣት ጫፍ ውኃ ያንጠባጥባሉ። የሚሠራው ሲሊንደር ቅርንጫፍ ላይ ያረፈችው ጠብታ ጭስ ብላ ትጠፋለች። የማይሠራው ላይ ያረፈችው ግን አትቸኩልም፤ በዝገቱ ላይ ትንሽ ትንከባለልና እርጥብ መስመር ትታ ትወርዳለች። እዚህ ማንም አልታገደም። ማንም በሌላው መጉደል አልተለካም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ በራሱ ሙቀት መለሰ። ቢሆንም ይህ መልስ አጭር ዕድሜ አለው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ብረቱ ሙቀቱን ይጋራል፣ ሰነፉም በጎረቤቶቹ ትኩሳት ይግላል፣ ጠብታዋ አራቱም ላይ እኩል ትጠፋለች። ስለ ራስ የሚሰጥ ምስክርነት የሚታመነው ገና ከሌሎቹ ጋር ሳይሞቁ በፊት ነው ማለት ነው።

ሁለቱም መንገዶች ግን አንድ ነገር ሳይመልሱ ያልፋሉ። ሦስተኛው አልሠራም፤ እሺ። አልቻለም ነው ወይስ አልተሰጠውም? ቤንዚን ሞተር ቢሆን ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ነዳጅ፣ ትንፋሽ፣ ከካንዴላው የሚመጣ እሳት። ናፍጣ እሳቱን ከራሱ ጭመቃ ስለሚያወጣ ሁለት ይበቁታል። ኖዝሉ የተደፈነ ሲሊንደር ግድግዳው እንደ መስታወት ለስላሳ፣ ፋሻው አዲስ ቢሆንም አይተኩስም፤ የሚተኩሰው ነገር አልደረሰውማ። ከውጭ ሲታይ ግን ፋሻው ካለቀበት ሲሊንደር አይለይም። ሁለቱም ላይ ዳዶው ሲላላ ምንም አይሆንም፤ ሁለቱም ላይ ጠብታዋ እርጥብ መስመር ትተዋለች። በቋንቋችን አንዱን «ደካማ» ሌላውን «የተነፈገ» እንላለን፤ ፈተናው ግን ይህን ሁለት ቃል አያውቅም። መካኒኩ የሚለያቸው በማለዋወጥ ነው። የሦስተኛውን ኖዝል ፈትቶ ለሁለተኛው ሰጠ፤ የሁለተኛውን ለሦስተኛው። ከዚያ ዳዶዎቹን እንደገና አላላ። ጉድለቱ ከኖዝሉ ጋር ተሰድዶ ሁለተኛው ጋ ቢገኝ ኖዝሉ ጥፋተኛ ነበር፤ ሲሊንደሩም በነጻ ይለቀቅ ነበር። አልተሰደደም። ሦስተኛው የጎረቤቱን ደህና ኖዝል ይዞም ዝም አለ። ደጋግሜ የማስበው ይህን ነው፦ ጉድለት የዕቃው ነው ወይስ የቦታው የሚለውን ጥያቄ ቦታ ሳያለዋውጡ መመለስ አይቻልም። ሰው በሰው ላይ «አይችልም» ብሎ ሲፈርድ ስንቱ ነው ኖዝሉን ለውጦ ያየ?

እንግዲህ የቀረው ትንፋሹ ነው። ኖዝሎቹን አውጥቶ በቀዳዳቸው ግፊት መለኪያ እያሰረ ሞተሩን በማስነሻ አዞረው። መለኪያው 25፣ 24፣ 16፣ 24 ባር አነበበ። በሙያው የተለመደ ሕግ አለ፦ ትንሹ ከትልቁ 75 ከመቶ በታች ከወረደ ሲሊንደሩ ደክሟል። አሥራ ስድስት የሃያ አምስት 64 ከመቶ ነው። ቀጥሎ በሦስተኛው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ለካ፤ መለኪያው 22 ላይ ወጣ። ይህ ማለት ትንፋሹ የሚያመልጠው በፋሻው በኩል ነው፤ ዘይቱ በፋሻውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ለጥቂት ዙር ደፈነው። ቫልቩ ባይገጥም ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ቢቃጠል ኖሮ ዘይቱ ምንም አይጠቅምም ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የበሽታው ስም የታወቀው በሽተኛው ለአፍታ በመዳኑ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ምርመራ ሆነ፤ ዘይቱ ሲያልቅ ድካሙ ተመለሰ፤ አሁን ግን ስም ይዞ ተመለሰ። ከዚያች አፍታ በፊት ሦስተኛው «ደካማ» ብቻ ነበር፤ ከዚያች አፍታ በኋላ «ፋሻው ያለቀ» ሆነ። አንደኛው ቃል ስለ ሲሊንደሩ ማንነት የሚናገር ይመስላል፤ ሁለተኛው ስለ አንድ ክፍተት ይናገራል።

ቁጥር ሲመጣ ሰው ይረጋጋል። ቁጥሩ ነገሩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ግን ያን 25 ማን ሰጠው? ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ናት፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ። ያው ሲሊንደር፣ በዚያው ፋሻ፣ በዚያው መለኪያ ጎንደር ላይ ቢለካ 25 ሳይሆን ወደ 21 ባር ያነባል፤ ወደ ውስጥ የሚስበው አየር ራሱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ። መጽሐፉ «ከ22 ባር በታች ከሆነ ይፈታ» ይላል ብንል፣ ገዳሪፍ ላይ ብርቱ የነበረው ሞተር በጋላባት አልፎ፣ ከመተማ በሸሕዲ፣ ከዚያም በጭልጋ ዳገት ወጥቶ ጎንደር ሲደርስ፣ አንድም ብረት ሳይለወጥበት ደካማ ሆኖ ይገባል። መንገዱ ላይ የት ነው የደከመው? የትኛው ጠመዝማዛ ላይ ነው ብርታቱ ያለቀው? ሲመለስስ፣ ቆላው ሲቀበለው፣ ማን ነው ያዳነው? ልምድ ያለው መካኒክ በዚህ አይሸወድም፤ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ አራቱን እርስ በርስ ያስተያያል፤ አራቱም አንድ አየር ስለሚተነፍሱ 64 ከመቶው ጎንደርም ላይ 64 ነው። እንግዲህ ማወዳደር ከቦታ ነጻ አወጣን። ግን በምን ዋጋ?

ዋጋው ይህ ነው፦ በማወዳደር ብቻ የሚያውቅ ሰው እኩል የደከሙትን አያውቃቸውም። አራቱም 18፣ 18፣ 18፣ 18 ቢያነቡ ትንሹ ከትልቁ 100 ከመቶ ነው። ዳዶ ሲላላ አራቱም ላይ ድምፁ እኩል ይወርዳል። ጠብታዋ አራቱም ላይ እኩል ትጠፋለች። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ አይንቀጠቀጥም፤ መንቀጥቀጥ የልዩነት ልጅ ነውና። እንዲያውም አንዱ ብቻ ከደከመበት ሞተር ይልቅ ድምፁ ያማረ ነው። ገዳሪፍ ላይ ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ማለዳ ለመነሳትም አይለግምም። ይህ ሞተር የሚጋለጠው ደጋ ወጥቶ አንድ ሌሊት ሲያድር ነው። ጎንደር ላይ ሲነጋ፣ አየሩ ሳስቶም ቀዝቅዞም፣ የተጨመቀው ትንፋሽ ናፍጣውን የሚያቀጣጥል ሙቀት ሳያገኝ፣ ማስነሻው እየዞረ ባትሪው ያልቃል። ሾፌሩም «ትናንት ደህና ነበር» ይላል፤ ይህንም የሚለው ሳይዋሽ ነው። ትናንት በዙሪያው ምንም ነገር «ደካማ ነህ» አላለውም። ከዚህ የምረዳው በአንድ ቤት ውስጥ ያለ መግባባት፣ ስምምነት፣ የድምፅ መስተካከል ስለ ጤንነት ምንም እንደማይናገር ነው። የሚንቀጠቀጠው ሞተር ቢያንስ ሦስት ብርቱዎች እንዳሉት በመንቀጥቀጡ ያስታውቃል።

አዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ ሌላ መሸፈኛ አምጥተዋል። ሚኒሞን የሚጠብቅ ኮምፒዩተር አላቸው። አንዱ ሲሊንደር ሲያጎድል ኮምፒዩተሩ ለሞተሩ ነዳጅና አየር ጨምሮ ዙሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ የጎደለው ድርሻ በሌሎቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ ቆጣሪው ላይ ያለው ዙር ግን አይነቃነቅም። በእንደነዚህ ያሉ ሞተሮች ላይ የማገድ ፈተና ለማድረግ መጀመሪያ ያንን ጠባቂ ማሰናበት ያስፈልጋል። ያለ ኮምፒዩተርም ቢሆን ጥሩ ሾፌር ይህንኑ ያደርጋል፤ እግሩ ሳያውቀው ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው የናፍጣው ሒሳብ ያላወቀውን የሚነግረው። ድካምን የሚሸፍነው ሁልጊዜ ክፋት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ትጋት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ብረት ነው፤ ገዳሪፍ ላይ ቆሞ ግን ብረት ብቻ ማሰብ አይቻልም። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከእኛ ወገን በመተማ በኩል ወደዚህ የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ዛላው ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ያፈስሳል፤ የዘገየ ማጭድ የሚያጭደው ገለባ ነው። በ2013 ዓ.ም. በድንበሩ ላይ ባለው በአል ፋሽቃ መሬት የተነሳ ኢትዮጵያና ሱዳን ሲጋጩና በዚያው ዓመትና በተከታዩ የድንበሩ መተላለፊያ የተዘጋባቸው ጊዜያት ሲመጡ፣ ዳዶው እንደ ላላ ቁጠሩት። ሌላ ጊዜ ስሙን ማንም የማይጠይቀው ሰው ሲጎድል ተሰማ። የመካኒኩ ፈተና ለእነርሱ ፈረደላቸው ማለት ነው፤ ብርቱዎች ነበሩ። ሆኖም ይህ ፍርድ አያስደስተኝም፤ ምክንያቱም በዚያው ሕግ በድንበሩ ዙሪያ ባሉ የስደተኛ መጠለያዎች የተቀመጠውን ሰው ብንፈትነው ተቃራኒውን ይፈርዳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በድርቁና በጦርነቱ ዘመን፣ ኋላም በ2013 ዓ.ም. ኡም ራኩባ ላይ የሰፈረው ኢትዮጵያዊ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ መተማ የተሻገረው ሱዳናዊ፣ ቢኖርም ባይኖርም የአካባቢው ሞተር ዙር አይለወጥም ይባል ይሆናል። እነዚህ ግን ኖዝል የሌላቸው ሲሊንደሮች ናቸው። ፈተናው የሚያየው መጉደላቸው ለውጥ አለማምጣቱን ነው፤ ያልተሰጣቸውን አያይም። ስለዚህ የመጉደል ሕግ ለአጫጁ ሲፈርድለት ደስ ያለው ሰው ያንኑ ሕግ ስደተኛው ላይ ሲያነብ መቀበል ሊኖርበት ነው። እኔ ለሁለቱም አልቀበለውም። አጫጁም ዋጋው ሲጎድል በሚደርስብን ጉዳት የሚለካ ከሆነ፣ የዋጋው ዳኛ የእኛ ችግር ሆነ እንጂ የእርሱ ክንድ አልሆነም።

ደግሞም መካኒኩ ዳዶውን ሲያላላ ለቅጽበት ነው፤ ወዲያው ያጠብቃል። ፈታኝና ተፈታኝ አንድ ሞተር ላይ ናቸው፤ ሞተሩ ቢጠፋ ሁለቱም ይቸገራሉ። ድንበር የሚዘጋ ሰው ለማወቅ ብሎ አይዘጋም፤ ያወቀውንም አይመዘግብም።

ወደ ትራክተሩ ልመለስ፤ ክርክሩ አላለቀም ነበርና። መካኒኩ ቴስታታው ከወረደ አይቀር የአራቱም ፋሻ ይለወጥ አለ። ምክንያቱ ጥሩ ነበር። ሦስተኛው ብቻ ቢታደስ፣ አዲሱ በአሮጌዎቹ መካከል ይገባና ሞተሩ ሌላ ዓይነት አለመመጣጠን ይይዛል፤ ያን ጊዜ ደካሞቹ ሦስቱ ይሆናሉ፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ግን ብርቱዎች ተብለው ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ፤ ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ለአራት ፋሻ የሚሆን ገንዘብ ገና መሬት ውስጥ ነው ያለው አሉ። እኔ ባልጠየቁኝም ከሽማግሌው ጋር ነበርኩ። ደካማ ማለት ከሌሎቹ ያነሰ ማለት ከሆነ ከአራት ነገሮች አንዱ ሁልጊዜ ደካማ ነው፤ አራቱንም ስናድስ እንኳ መለኪያው ትንሽ የሚያነብበት አንድ ይኖራል። ደካማ ማለት ግን ይህን ማሳ በዚህ ክረምት ማረስ የማይችል ማለት ከሆነ፣ ጥያቄው ከጎረቤት ጋር መወዳደሩን ትቶ ከሥራው ጋር ይወዳደራል፤ የሥራው ልክ ደግሞ ይታወቃል፤ ስፋቱም፣ የዝናቡ ቀንም። ይኸኛው ሚዛን ከመጀመሪያው የበለጠ ትክክል ነው አልልም። የማረሻው ሚዛን ነው፤ ሰውየው የሚያርስ ነው።

የሦስተኛው ፋሻ ብቻ ተለወጠ። ቴስታታው ተመልሶ ታሰረና ተለካ፤ 25፣ 24፣ 23፣ 24። አዲስ ፋሻ ከግድግዳው ጋር እስኪላመድ ጥቂት ሰዓት መሥራት አለበት፤ ከዚያ ይጨምራል። ረዳቱ ልጅ ቁጥሮቹን በኖራ ጎማው ላይ ጽፎ ሲያያቸው ቆየና «ጋሼ፣ ሦስተኛው ሲጨምር ትንሾቹ ሁለተኛውና አራተኛው ሊሆኑ ነው፤ እነሱስ?» አለ።

«እነሱ ሐጁ ሰሊጣቸውን ሲሸጡ ይደክማሉ» አለው መካኒኩ።